ውሃው የእግዜር፣ ቦዩ የሰው

«ከዱን!» አሉ።

ማን ነው የከዳቸው? ነገሩ እንዲህ ነው። ሬድ ሃት የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ አለ። ሊነክስ በሚባለው፣ ምንጩ ለሁሉም ክፍት በሆነው ሥርዓት ላይ ሠርቶ ለትልልቅ ድርጅቶች ይሸጣል። ከሚሸጠው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ስሙና ዓርማው ብቻ የሚለይ፣ በነፃ የሚታደል መንትያም ነበረው፤ ሴንት ኦኤስ ይባላል። በየአገሩ ስንትና ስንት ሰርቨር ተሸክሞ የኖረው ይሄ መንትያ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 2020 ኩባንያው መንትያውን በቃህ አለው። እስከ 2029 ይቆያል የተባለው ስምንተኛው እትም በ2021 መጨረሻ ዕድሜው አበቃ። በጁን 2023 ደግሞ ኩባንያው የምርቱን ምንጭ ለደንበኞቹ ብቻ እንደሚሰጥ አስታወቀ።

ከዚያ ወዲህ ተራው የብዙዎች ሆነ። ዶከር በ2021 ዴስክቶፕ የሚለውን ምርቱን ለትልልቅ ድርጅቶች በክፍያ አደረገ። ሃሺኮርፕ በኦገስት 2023፣ ሬዲስ በማርች 2024 ፈቃዳቸውን አጠበቁ። በእያንዳንዱ ጊዜ የተሰማው ጩኸት አንድ ነው፤ ክህደት፣ ስግብግብነት፣ አጭበረበሩን።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝ። ኮምፒውተር ከእስክሪብቶ በምን እንደሚሻል የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ዛሬም ቢሆን በሁሉም ነገር ይሻላል ብዬ አልፈርምም። ግን ቃላት ሥራዬ ናቸውና ጩኸቱ ውስጥ ያለችው ቃል ቆረቆረችኝ። ክህደት መሐላ ይፈልጋል። ያልተማማለ ሰው እንዴት ይካካዳል? አንዳች ሳያዋጣ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» እንኳ ሳይል አሥር ዓመት የተጠቀመ ሰው፣ ሰጪው እጁን ያጠፈ ዕለት «ከዳኸኝ» የሚለው በየትኛው ውል ነው?

ፈረንጆቹ እዚህ ላይ የቋንቋ ችግር አለባቸው። በእነሱ አፍ ነፃነትና ነፃ ዕቃ በአንድ ቃል ይጠራሉ። የነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄን በ1983 የጀመረው ሪቻርድ ስቶልማን «እኔ የምለው ስለ ነፃነት ነው እንጂ ስለ ዋጋ አይደለም» እያለ ሲያስረዳ ዕድሜውን ጨረሰ። እኛ ግን ያን ሁሉ ድካም የምታስቀር አንዲት ፊደል አለችን፤ «በ»። ነፃ ሌላ ነው፣ በነፃ ሌላ ነው። «ነፃ ሰው» ስንል ጌታ የሌለው ሰው ማለታችን ነው። «በነፃ የተገኘ ሰው» ስንል ግን ደመወዝ የማይከፈለው ማለታችን ነው። የዓለም ሶፍትዌር ተጠቃሚ ነፃ ሶፍትዌር እወዳለሁ ሲል የኖረው፣ ልቡ ውስጥ ያለው ግን ይሄ ሁለተኛው ሰውዬ ነው።

እኛስ? ፊደሏ እያለችን ተጠቀምንባት ወይ?

ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ፣ ካፖርቱን አውልቆ፣ ሸዋሮቢት የደረሰ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ አንድ ጠባብ ክፍል አያጣም። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ ኮፒ ማሽን፣ አንድ የሚንጫጫ ማራገቢያ። ማመልከቻ፣ ውል፣ የክስ መልስ፣ የሽንኩርት ሽያጭ ስምምነት፣ የሠርግ ጥሪ፣ ሁሉም እዚያ ይጻፋል። የሚጻፈውም በአብዛኛው በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ነው። እነዚህ ለሽያጭ የተሠሩ የአገር ልጆች ሥራዎች ናቸው። ገዝቶ ያስገባቸውን ጸሐፊ ግን በስንት መቅረዝ ትፈልጉታላችሁ? ከፍላሽ ወደ ፍላሽ፣ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ ሲሻገሩ ነው የኖሩት። አንዷን ጸሐፊ ከየት እንዳመጣችው ብጠይቃት፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ በነፃ ነው፤ ከድሮም ኮምፒውተሩ ላይ ነበረ» አለችኝ። ከድሮም እንደነበረ ተራራ! እሷን አልወቅስም። ያስተማራት መሥሪያ ቤትም፣ መሥሪያ ቤቱን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤትም፣ እንዲህ ያለውን ሲቀጣ መኖር የነበረበት ፍርድ ቤትም ማመልከቻውን የሚጽፉት በዚያው በተገለበጠው ፊደል ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። አዋጁ ራሱ በየቢሮው ሲባዛ በምን ፊደል እንደተጻፈ ግን እግዜር ይወቀው።

እዚህ ላይ «በ» ትመጣለች። የተሰረቀው ፓወር ግዕዝ በነፃ ነው፤ ነፃ ግን አይደለም። የቀድሞዎቹ እትሞች የግዕዝን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው። ያ ፎንት የሌለው ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ሲከፈት፣ የአያትህ የርስት ውል የሰከረ ሰው የጻፈው እንግሊዝኛ ይመስላል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ኒያላን ይዞ መጣ። አቢሲኒካ የተባለው መልከ መልካም ፎንት ከነፈቃዱ ክፍት ነው፤ ማንም ይወስደዋል፣ ማንም ያሻሽለዋል። ኪማን የተባለው የመጻፊያ መሣሪያ ደግሞ ጉዞው የተገላቢጦሽ ነው፤ ለዓመታት ሲሸጥ ኖሮ በ2015 ኤስ አይ ኤል የተባለው ድርጅት ተረከበው፣ ቆይቶም ምንጩ ተከፍቶ ለሁሉም ያለ ዋጋ ተለቀቀ። ነፃም በነፃም የሆነ ነገር በደጃችን ቆሞ ሳለ እኛ የሙጥኝ ያልነው የተሰረቀውን ነው። ለምን? ስለለመድነው። ነፃነት ትንሽ መማር ይጠይቃል፤ ስርቆት ፍላሽ ብቻ።

«ባህላችን ነው፤ መጽሐፍ ሲገለበጥ የኖረ አገር ነው» የሚለኝ ወዳጅ አለ። እውነቱን ነው፣ ግማሹን። የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ያለውን እርግማን ያነበበ ያውቃል። የሚረገመው የሰረቀውና የፋቀው ነው። የገለበጠው አይረገምም። ኦፕን ሶርስ የሚባለው ፈቃድ ፈረንጅ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የደረሰበት ነገር ከሆነ የእኛ ጸሐፊዎች ቀድመውታል። ግን ወዳጄ ያላነበባት ሌላ መስመር እዚያው አለች፤ ያጻፈው ሰው ስም። ፍየሉን ያረደ፣ ቀለሙን የገዛ፣ ጸሐፊውን ዓመት ሙሉ ያበላ ሰው ነበረ፤ ስሙም ከነሚስቱ ከነልጆቹ ለጸሎት ይመዘገብ ነበር። በነፃ የተነበበ መጽሐፍ ሁሉ ከፋይ ነበረው። እኛ ከዚያ ባህል መገልበጡን ወስደን ማጻፉን ጣልነው።

ይፋትን ያነሣሁት ስለ ጸሐፊዋ ብቻ አይደለም፤ ስለ ውሃው ነው። ቆላው ዝናብ አይበቃውም። ሽንኩርቱ የሚያድገው ከወንዝ በተጠለፈ ውሃ ነው። ውሃ ጠልፎ የሚያርስ ገበሬ ዘንድ ሄደህ ውሃው የማን እንደሆነ ብትጠይቀው «የእግዜር» ይልሃል። ቦዩስ? «የእኛ።» በዚህ በሁለት ቃል ውስጥ ብዙ ኮምፒውተር አዋቂዎች በብዙ ገጽ ያልገለጹት ሕግ አለ። ውሃ አይሸጥም። ነገር ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ከድንጋይ፣ ከቅጠልና ከጭቃ የተሠራውን ጠለፋ ጠራርጎት ይሄዳል። መስከረም ሲጠባ ሰው አካፋውን ይዞ ይወጣል። ደለል ይጠረጋል፣ ጠለፋው እንደገና ይታሰራል፣ ተራ ይወጣል። በአማራ ክልል ብዙ ቦታ ይህን የሚዳኝ «የውሃ አባት» የሚባል ሰው አለ። ለጠረጋ ያልወጣ ሰው ይቀጣል፤ ደጋግሞ ከቀረ ተራው ያልፈዋል። «ውሃ እንዴት ትከለክሉኛላችሁ፣ ውሃ እኮ የእግዜር ነው» ብሎ ቢጮህ የውሃ አባት ምን እንደሚለው መገመት አያቅትም፤ እግዜር በሰጠህበት፣ ወንዙ ዳር ሂደህ ጠጣ።

ኮድም እንዲሁ ነው። አንዴ ከተጻፈ በኋላ ቢሊዮን ሰው ቢገለብጠው አይጎድልም። በዚህ ከውሃም ይበልጣል። ጥገናው ግን ቦይ ነው። አዲስ ማሽን ሲመጣ፣ ቀዳዳ ሲገኝ፣ ሌባ ሲሞክር፣ አንድ ሰው አካፋ ይዞ መውጣት አለበት። በየዓመቱ ሳይሆን በየቀኑ።

ያ ሰው ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚሆን ዓለም በ2024 አየ። ኤክስ ዜድ የሚባል፣ ፋይል የሚያጨምቅ ትንሽ ፕሮግራም አለ። ሊነክስ ባለበት ሁሉ አለ ማለት ይቻላል። ለዓመታት የጠበቀው ላሴ ኮሊን የሚባል አንድ ፊንላንዳዊ ነው፤ ያለ ደመወዝ፣ በትርፍ ሰዓቱ። በ2022 የማይታወቁ ሰዎች በደብዳቤ ያጣድፉት ጀመር፤ ሥራው ዘገየ፣ ካልቻልክ ለሌላ ልቀቅ፣ ተጠቃሚውን በደልክ። ሰውዬው የአእምሮ ጤናው እንደተጎዳ፣ ይህም ያለ ክፍያ የሚሠራው የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን ጻፈላቸው። ማን ሰምቶት! በመካከሉ ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ ትሑት ረዳት ብቅ አለ። ሠራ፣ ታገሠ፣ ታመነ፣ በመጨረሻም ቁልፉ ተሰጠው። በ2024 መጀመሪያ በወጡት እትሞች ውስጥ ያ ረዳት የሌባ በር ሠርቶ አስገባ። በሩ ተከፍቶ ቢቀር የስንት አገር ሰርቨር ጓዳ ይታይ ነበር። የተገኘው በማርች መጨረሻ በአጋጣሚ ነው፤ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ የአንድ ነገር አከፋፈት በግማሽ ሰከንድ መዘግየቱ ከንክኖት ሲቆፍር።

ግማሽ ሰከንድ! እኔ በግማሽ ሰከንድ መነጽሬን እንኳ አላገኘውም።

ከዚህ ታሪክ ሁሉም ጂያ ታንን ያነሣል። እኔ የማነሣው አጣዳፊዎቹን ነው። እነሱ ምናልባት የጂያ ታን ግብረ አበሮች ይሆኑ ይሆናል፤ ብዙዎች እንደዚያ ይጠረጥራሉ። ልብ በሉ ግን፣ ሌባው ለመልበስ የመረጠው ልብስ የተራ ተጠቃሚን ልብስ ነው። ያልከፈለ ሰው በከፈለ ሰው ድምፅ መጮሁ የተለመደ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2014፣ የኢንተርኔትን ምስጢር በሚጠብቀው ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ውስጥ ትልቅ ቀዳዳ ሲገኝ፣ ፕሮጀክቱ በመዋጮ ሲያገኝ የኖረው በዓመት 2,000 ዶላር ገደማ እንደነበረ ታወቀ። ባንኮቹ ሁሉ በዚያ ላይ ነበሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላል ያገሬ ሰው። እዚህ ሎሚው በሚሊዮን ነው፤ ተሸካሚው ግን አንድ።

እንግዲህ «አንተ ለኩባንያ ጥብቅና ቆምክ» የሚለኝ አይጠፋም። አልቆምኩም። በቦዩ ሕግ ሁለት ነውሮች አሉ፤ ሁለቱንም ኩባንያዎች ሠርተዋቸዋል።

አንደኛው ዘር ከተዘራ በኋላ ውሃ መዝጋት ነው። ሬድ ሃትን የምወቅሰው ዋጋ ስለጠየቀ አይደለም። እስከ 2029 ብሎ በ2021 ስለዘጋ ነው። ያንን ቀን አምኖ የዘራ ሰው ነበረ። እዚህ ላይ መሐላ አለ፤ ክህደት የሚለው ቃልም ትንሽ ቦታ ያገኛል።

ሁለተኛው፣ መንደር የቆፈረውን ቦይ ለብቻ ማጠር ነው። ቴራፎርም የተባለውን የሃሺኮርፕ ሥራ ብዙ የውጭ ሰዎች በነፃ ጉልበታቸው አግዘዋል። እነሱ ቢቆጡ ይገባቸዋል። ቆፍረዋላ! ደግሞ እዩ፣ የቆፈሩት ሰዎች ሲቆጡ ምን አደረጉ? ጮኸው አልቀሩም። የቀድሞው ፈቃድ የሰጣቸውን መብት ይዘው ያንኑ ኮድ ወስደው በሳምንታት ውስጥ ኦፕን ቶፉ የተባለ ሌላ ቦይ ጠለፉ። ሬዲስ ሲዘጋ ቫልኪ ተጠለፈ። ሴንት ኦኤስ ሲሞት ሮኪና አልማ ተተኩ። ኢላስቲክ በ2021 ዘግቶ በ2024፣ ሬዲስም በ2024 ዘግቶ በ2025፣ ክፍት የሆነ ፈቃድ መልሰው አቀረቡ። ያስመለሳቸው ስድብ አይመስለኝም፤ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻቸውን መቅረታቸው ነው። ኢላስቲክ መጀመሪያ ለመዝጋቱ የሰጠው ምክንያትም ደሀው ተጠቃሚ አልነበረም፤ ሥራውን ወስዶ የሚቸበችበው አማዞን ነው። ከሁሉ የከበደው ለጠረጋ የማይወጣ ሰው ከሁሉ ሀብታሙ ገበሬ ነው።

ነፃ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ፤ ሌላ ቦይ ለመጥለፍ መብት ያለህ መሆኑ። ዋጋው አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን። መብቱ እኛም አለን። አካፋውስ?

የሸዋሮቢት ጤና ጣቢያ ስንት እናቶች እንደወለዱ፣ ስንት ሰው ወባ እንደያዘው የሚያስተላልፍበት ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የሚባል ሥርዓት አለ። ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. ገደማ ወደ እሱ ዞሯል። የሚሠራው ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የኖርዌይ መንግሥትና ሌሎች ለጋሾች ይከፍሉለታል። ፋይዳ የሚባለው መታወቂያችን የቆመው ሞሲፕ በተባለ፣ ባንጋሎር የሚገኝ የህንድ ተቋም ባዘጋጀው ክፍት ሥርዓት ላይ ነው። የወባችን ቁጥርና የጣት አሻራችን የተቀመጡት ሌሎች በሚጠርጉት ቦይ ዳር ነው። ክፉ አይደለም፤ ይህን መምረጣቸው ብልህነት ነው፣ የተዘጋ ነገር በዶላር ከመግዛት መቶ ጊዜ ይሻላል። ግን የጠራጊዎቹ ከፋይ አንድ ቀን እጁን ቢያጥፍስ? በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ዕርዳታ በአንድ ፊርማ ሲቆም ስንት ፕሮጀክት በር ላይ ቀረ? ያን ዕለት እኛ ከጩኸት ውጪ የምንይዘው ምን መሣሪያ ነው?

«ደሀ ነን» የሚለው መልስ በግማሽ ልክ ነው፤ በግማሹ እቀበለዋለሁ። ብር በጁላይ 2024 ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የወር ደመወዙ ለአንድ ዓመት ፈቃድ የማይበቃው የይፋት ጸሐፊ፣ ውጭ አገር የሚከፍልበት ካርድ የሌለው ወጣት ፕሮግራመር፣ «ክፈል» ሲባል የሚሰማው ቁጣ አይደለም፤ መገፋት ነው። ክልሉ ለወራት ያለ ሞባይል ኢንተርኔት ሲቀመጥ ደግሞ የነፃውንም ፎንት ማውረድ ቅንጦት ነበር። እነሱን ተዋቸው።

እኔ የማወራው ስለ መሥሪያ ቤቱ ነው። ስለ ዓውደ ጥናቱ። ኦፕን ሶርስን ስለ ማስፋፋት አዳማ ላይ ሦስት ቀን ይሰበሰባል፤ አዳራሽ ይከፈላል፣ አበል ይከፈላል፣ ቦርሳና ኮፍያ ይታተማል፣ ባነሩ ላይ «ነፃ» የሚለው ቃል አንድ ክንድ ያህላል። ባነሩ የተሠራበት ፊደል ተሰርቋል። የፕሮግራሙን አንዲት ስሕተት ለማረም ወይም አንድ ገጽ መመሪያ ወደ አማርኛ ለመመለስ የተመደበ ሳንቲም ግን የለም። መዋጮ እኮ ዶላር ብቻ አይደለም። ትርጉም መዋጮ ነው። ስሕተት አይቶ በሥርዓቱ መጻፍ መዋጮ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ በዓመት አምስት ተማሪ የመመረቂያ ሥራውን አቢሲኒካ ላይ ወይም ኪማን ላይ እንዲሠራ ቢያደርግ ያ አካፋ ነው። ስንት መመረቂያ ጽሑፍ አርሜ መደርደሪያ ላይ አቧራ እንደበላው ስለማውቅ ይሄን በቁጭት ነው የምለው።

የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ሠሪዎች ነገር ደግሞ አለ። የፈረንጅ ኩባንያ ሲያስከፍል «ከዱን» የሚለው አፍ፣ የአገሩ ልጅ ሲያስከፍል ምንም አይልም፤ ዝም ብሎ ይገለብጣል። ከሁለቱ የቱ ይሻላል? ጩኸቱ ቢያንስ ሰጪው መኖሩን ያውቃል።

በየወረዳው የበጀት ወረቀት ውስጥ ለቶነር ርዕስ አለ፣ ለወረቀት አለ፣ ለእንግዳ ሻይ ቡና አለ፣ ለግቢ ጽዳት አለ። ለሶፍትዌር ጥገና መዋጮ የሚል ግን እስካሁን አላየሁም። የዘንድሮው በጀት ሐምሌ ላይ ይጸድቃል፤ ጠለፋውም የሚፈርሰው ያኔ፣ በክረምቱ ነው።